ነዳጁ ሲያንስ፣ ውሃው ሲሸሽ፦ የጣና ዳር ጥያቄና መልስ

ስለ ኃይል እጥረት፣ ስለ ሐይቁ መጎዳት፣ መሣሪያ ምን እንደሚፈታና ምን እንደማይፈታ ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ተመሳሳይ ጥያቄዎች በአንድ ተጠቃለዋል።

ጥያቄ (ከሽንብጥ፣ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ ነዳጅ ሊያልቅ ነው ሲባል አባቶቻችንም ሰምተውታል። እስካሁን ግን አላለቀም። አሁን የተለየው ምንድን ነው?

መልስ፦ ዘይት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ተቀድቶ አያልቅም፤ ከዚያ በፊት ማውጣቱ አያዋጣም። መታየት ያለበት ለማውጣት የሚፈጀው ኃይል ነው። አንድ እጅ ኃይል ከፍለን ሃያ እጅ ብናገኝ ለእርሻው፣ ለመኪናው፣ ለሆስፒታሉ የሚተርፈው ከመቶ 95 ነው። አስር እጅ ብናገኝ 90 ይተርፋል። ይህን ልዩነት ማንም ልብ አይለውም። አምስት እጅ ሲሆን 80፣ ሁለት እጅ ሲሆን ግን 50 ብቻ ነው የሚተርፈው። ቁልቁለቱ የሚበረታው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ብዙው መንገድ ደልዳላ ይመስላል።

በቀላሉ የሚቀዳው ዘይት ጣሪያውን ነክቷል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ የተለመደው ድፍድፍ ዘይት ምርት ከፍተኛው እ.ኤ.አ. በ2008 እንደነበር አስፍሯል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጭማሪ ብዙው ዓለቱን በግፊት እየሰነጠቁ ከሚያወጡት የአሜሪካ ዘይት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የደረሰችበትን ከፍተኛ ምርት በ2018 ያለፈችው በዚሁ ነው። «አላለቀም» ማለትህ ስለዚህ ልክ ነው። ነገር ግን የእነዚህ ጉድጓዶች ምርት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት በጣም ስለሚወርድ፣ ያለውን መጠን ለማቆየት ብቻ ያለማቋረጥ አዲስ መቆፈር ግድ ይላል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ባሕር ዳር ከነዳጁ መስመር ጫፍ አካባቢ ናት። አገሪቱ ቤንዚኗንና ናፍጣዋን ከውጭ ታስገባለች፤ አብዛኛው ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው እዚህ የሚደርሰው። ምንዛሪ ሲያጥር ወይም መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ የሚደርቀው የጫፉ ማደያ ነው። የዓለም ምርት ከማሽቆልቆሉ ዓመታት ቀድሞ እዚህ እጥረት ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ (ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ)፦ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ሁሉንም ወደ ኤሌክትሪክ ብንቀይረው አይበቃም?

መልስ፦ ግድቡ ትልቅ ሀብት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የተነገረው አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከጣና ውሃ እየወሰደ ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ 460 ነው። ግን የሰፈራችሁ ማነቆ ተርባይኑ ሳይሆን ትራንስፎርመሩና ሽቦው ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ሳይበራ ቢበዛ 28 ምጣድ በአንድ ጊዜ ይችላል። በሥሩ 100 ቤት ካለና ሁሉም ለበዓል ዋዜማ ከጋገረ ፊውዙ ይበጠሳል፤ ፊውዙን በወፍራም ሽቦ ካሰሩት ደግሞ ትራንስፎርመሩ ራሱ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር እስኪተካ የሚያልፈውን ጊዜ ታውቁታላችሁ። መፍትሔው ተራ ነው፤ በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ ቤቶች በዕድሩ በኩል የመጋገሪያ ቀንና ሰዓት ይከፋፈሉ። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ምጣዱ 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና ባለ 20 አምፔር ብሬከር። ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንድ ማከፋፈያ መሰካት የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው የሽቦው መሐል ሳይሆን መጋጠሚያው ነው፤ ብሎኑ ሲላላ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይቀልጣል። በሦስት ወር አንዴ ቆጣሪው ላይ አጥፍታችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ። ከምጣዱ ሥር ያለው ሙቀት ወደ ታች እንዳይባክን መከለያው መሙላቱን ተመልከቱ፤ ብዙ ርካሽ ምጣዶች ሥራቸው ባዶ ነው።

ኤሌክትሪክ ማዳበሪያ አይሆንም፤ የጭነት መኪናውንም ገና አልተካም። የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ከሐይቁም ጋር የተሳሰረ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራ ጨራ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የውሃ መቆጣጠሪያ ከተሠራ ወዲህ ሐይቁ እንደ ማጠራቀሚያ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ድርቅና የኃይል ፍላጎት ተገጣጥመው ሐይቁ በጣም ወረደ፤ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጎለ፣ ደንገሉ ደረቀ፣ ውሃው የሸሸበትን ዳርቻ እርሻ ያዘው። ጣና ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ጥልቀቱ ግን የትም ቦታ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። አንድ ሜትር ሲወርድ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሄዳል፤ ዳርቻው ለጥ ያለ በሆነበት በፎገራና በደንቢያ በኩል ደግሞ ውሃው ርቆ ይሸሻል።

ጥያቄ (ከፋሲሎ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ)፦ መብራት ሲጠፋ በማገዶ ነው የምጋግረው። ምድጃ ብቀይር ይቀንስልኛል?

መልስ፦ እትዬ፣ ከምድጃው በፊት እንጨቱን ያድርቁ። ትኩስ የባሕር ዛፍ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውሃ ነው። ያ ውሃ እስኪተን ከሙቀቱ ሰባተኛው ያህል ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ የሚጎዳው ግን እሳቱ ስለሚቀዘቅዝ ጋዙ ሳይነድ በጭስ መውጣቱ ነው። እንጨቱን እንደ ክንድዎ ውፍረት ፍልጠው፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርገው፣ ነፋስ በሚያልፍበት ዳስ ሥር ሦስት ወር ያቆዩት። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከሆነ ሁለት ወርም ይበቃል። ሁለት ፍልጥ ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሦስት ወር ማገዶ አስቀድሞ መግዣ ገንዘብ ነው። ከባዱም እሱ ነው፤ በጋራ የሚጋግሩ ሴቶች በዕቁብ ቢያደርጉት ይቻላል።

ምድጃው «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ቢሆን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ በአግባቡ ከተሠራ ማለቴ ነው። ክፍሎቹ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ቀለል ካለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ የሚወጡ ናቸው። የሚሰነጠቁት ከቅርጹ ከወጡ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍነው ሳይቆዩ ፀሐይ ሲመታቸው ነው። ሲገዙ በጣትዎ ያንኳኩት፣ ጫፉን በጥፍርዎ ይቧጥጡት፤ አሸዋው ከረገፈ ይተዉት። ምጣዱ ከምድጃው አፍ ጋር ልክ መግጠም አለበት። በመሐል ክፍተት ካለ ሙቀቱ በዚያ ስለሚያመልጥ በጭቃ ይምረጉት። ማገዶውንም አፉ ድረስ አይጠቅጥቁ፤ አየር ከሥር ካልገባ ይጨሳል።

ከወረታ ዘመድ ካለዎት የሩዝ እብቅም አለ። ከ100 ኪሎ ያልተፈተገ ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ እብቅ ነው፤ በወፍጮ ቤቶች አጠገብ ይከመራል። በተራ ምድጃ ግን አይነድም፤ ደቃቅ ስለሆነ አየር አያሳልፍም። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ሥሩ በተበሳ የብረት በርሜል ውስጥ ሞልቶ፣ ከታች በባለ 12 ቮልት ትንሽ ማራገቢያ እየነፉ፣ ከላይ መለኮስ ነው። አንድ ኪሎ ያህል እብቅ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሰማያዊ ነበልባል ይሰጣል። ለወጥና ለቡና ይሆናል፤ ለምጣድ አይበቃም። በተዘጋ ቤት ውስጥ በፍጹም አይለኮስ፤ የሚወጣው ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

ጥያቄ (ከዘንዘልማ)፦ አራት ከብት አለኝ። ባዮጋዝ ይሆነኛል? ጎረቤቴ አሠርቶ አሁን ቆሟል።

መልስ፦ አራት ከብት ትንሹ ቁጥር ነው፤ ሌሊት በረት የሚያድሩ ከሆነ ይሆናል። ባለ 6 ሜትር ኩብ ጉድጓድ በቀን 40 ኪሎ እበትና 40 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ከአንድ ኪሎ ትኩስ እበት እስከ 40 ሊትር ጋዝ ስለሚገኝ በቀን 1.5 ሜትር ኩብ ገደማ ያገኛሉ፤ ይህ አንድ ምድጃ ለአራት ሰዓት ያነድዳል። የመጀመሪያው ሙሌት 2 ቶን ገደማ እበት ስለሚፈልግ ግንበኛው ሳይመጣ ማጠራቀም ይጀምሩ። እንጀራ ግን አይጋገርበትም። የአንድ ምድጃ ሙቀት 2.4 ኪሎ ዋት ያህል ነው፤ ያም በመሐል የተሰበሰበ ስለሆነ 58 ሳንቲ ሜትር ምጣድ ዳር ዳሩ ጥሬ ይቀራል። «ሁሉን ይተካል» ተብሎ የተሸጠለት ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው።

የጎረቤትዎ ለምን እንደቆመ በቅደም ተከተል ይመርምሩ። መጀመሪያ ውሃው፦ የውሃ መቅጃው ሩቅ ከሆነ በጋ ላይ ድብልቁ ይወፍራል፣ ከላይ ቅርፊት ይሠራል፣ ጋዙ ይታፈናል። ሁለተኛ ቱቦው፦ ጋዙ እርጥበት ስለሚይዝ ቱቦው በረገበበት ቦታ ውሃ ይቋጥራል፤ ነበልባሉ ከተንቀጠቀጠ ምልክቱ ይኼ ነው፤ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ማፍሰሻ ይደረግለት። ሦስተኛ ጉልላቱ፦ የሳሙና አረፋ መጋጠሚያዎቹ ላይ ቀብቶ ማየት፤ አረፋ ከተነፋ ያፈስሳል። ጉልላቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ባዶ ተደርጎ በውስጥ በኩል እንደገና መለሰን አለበት፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሙሉ ቀን ሳይነፍስበትና ውጭ ገመድ የያዘ ሰው ሳይኖር ማንም እንዳይገባ። አራተኛ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ወይም የከብት መድኃኒት ገብቶበት ከሆነ ጋዝ ሠሪዎቹ ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ በአዲስ እበት ማስጀመር ነው። የሚወጣውን ዝቃጭ ደግሞ ከጋዙ አያሳንሱት። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ በባዮጋዝ ግን ናይትሮጅኑ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፤ በጥላ ሥር ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ማሳ ይመለሳል።

ጥያቄ (ከጎርጎራ)፦ እምቦጩን ለምን ማገዶ አናደርገውም? ሁለት ችግር በአንዴ ይፈታ ነበር።

መልስ፦ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገሩን የሚያከብደው ውሃው ነው። እምቦጭ ከመቶ ከ90 በላይ ውሃ ነው። ጥቅጥቅ ያለ አንድ ሄክታር 300 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ሲደርቅ 20 ቶን ይሆናል። ትኩሱን በመኪና ማጓጓዝ ማለት 280 ቶን ውሃ በናፍጣ መሸከም ነው፤ ባለ 10 ቶን መኪና 30 ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ ከዳርቻው ሳይርቅ ማድረቅ ግድ ነው። ሐይቁ የሚሞላው በመስከረምና በጥቅምት፣ የሚጎድለው በሰኔ ነው። ከየካቲት በኋላ ውሃው ሲሸሽ ዳር ላይ የቀረውን ፀሐይ ራሷ ታደርቀዋለች፤ ሥራው የሚረክሰው ያኔ ነው። ከሰሉ ግን አመዱ ብዙ ስለሆነ ሙቀቱ ከባሕር ዛፍ ከሰል በጣም ያንሳል። ከተማ ወስዶ በትርፍ ለመሸጥ ለሚያስብ አልመክረውም።

የሚሻለው ኮምፖስት ነው። በ5 ሳንቲ ሜትር ተከትክቶ፣ አንድ ቀን ጠውልጎ፣ ከደረቅ ገለባና ከእበት ጋር በየተራ እየተነጠፈ እስከ 1.5 ሜትር ይከመር። መሐሉ 55 ዲግሪ አልፎ ለቀናት መቆየት አለበት፤ ካልሞቀ ፍሬው አይሞትም፣ ማሳችሁና ቦያችሁ እምቦጭ ያበቅላል። ሁለት ጊዜ ገልብጡት፤ ዳር የነበረው መሐል እንዲገባ። ክምሩ ክረምት ላይ ሐይቁ ከሚደርስበት መስመር በላይ ይሁን፤ ካልሆነ ነቅላችሁ ያወጣችሁትን ሐይቁ መልሶ ይወስደዋል። ባዮጋዝ ውስጥ ማስገባት ለሚፈልግ ከእበቱ ክብደት ሩብ አይለፍ፤ ስለሚንሳፈፍ ቅርፊት ይሠራል።

ማሽኑስ የሚል ብዙ ጥያቄ መጥቷል። ማሽን ጥልቀት ይፈልጋል፤ እምቦጭ ደግሞ የሚወደው ጥልቀት የሌለውን ጭቃ ዳርቻ ነው። የሚያጭደው ከሚበቅለው ካልቀደመም ዋጋ የለውም፤ አረሙ በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ፍሬውም ደለል ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የሚመግቡት ከጉማራ፣ ከርብ፣ ከመገጭና ከግልገል ዓባይ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተሞቹ የሚወርደው ፍሳሽም ናቸው። ምግቡ ሳይቆም አፉን ማጨድ ማለቂያ የለውም። ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከንና በወንዝ ዳር የሚተው የሣር መቀነት፣ አሥር ሜትርም ቢሆን፣ ከማሽን ግዢ በፊት መምጣት ነበረባቸው።

ጥያቄ (ከፎገራ፣ ሽንኩርት አምራች)፦ ቤንዚን ሲጠፋ ሽንኩርቴ ደረቀ። ወደ ሶላር ፓምፕ መቀየር ፈለግሁ። ስንት ዋት ልግዛ? ሁለት ጥማድ ነው፣ ከርብ ወንዝ የምስበው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንቁጠረው። ሁለት ጥማድ ግማሽ ሄክታር ነው። በመጋቢት ሽንኩርት በቀን 5.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ይህ 27.5 ሜትር ኩብ ነው። በቦይ የሚባክነው ሲታከል 42 ይሆናል። ከወንዙ እስከ ማሳው ከፍታው ከቱቦ መቋቋሙ ጋር 8 ሜትር ቢሆን፣ ለማንሳት ብቻ 0.92 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ፓምፑና ሞተሩ ከሚገባላቸው 40 ከመቶውን ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጡ 2.3 ይሆናል። በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢገኝ 460 ዋት፤ ለአቧራና ለሙቀት ሩብ ጨምርበት፣ 600 ዋት ይሆናል። ሁለት ባለ 300 ዋት ፓኔል ማለት ነው። የቤንዚን ፓምፕህ ለዚሁ ሥራ በቀን 2 ሊትር ያህል ይጠጣል። ባትሪ አትግዛ፤ ውሃውን ከማሳው ከፍ ባለ ቦታ በሸራ በተለበጠ ጉድጓድ አጠራቅም፣ እሱ ባትሪህ ነው።

ሻጩ ብዙ ጊዜ የማይነግርህ ነገር አለ። ጣና አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,790 ሜትር ያህል ነን። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ማንኛውም ፓምፕ ከሥሩ ውሃ መሳብ የሚችለው በሒሳብ 8.3 ሜትር፣ በተግባር ከ5 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። «7 ሜትር ይስባል» የሚለው ጽሑፍ በባሕር ጠለል ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። በጋ ላይ ወንዙ ሲወርድ ፓምፑ አየር መሳብ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ፓምፑን ወደ ወንዙ ወለል አውርደው፤ መግፋት ይችላል፣ መሳብ ነው የሚያቅተው። ወይም ውሃ ውስጥ የሚጠልቀውን ዓይነት ግዛ። የቤንዚን ሞተርም በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አምስተኛ ያህል ያጣል።

የሚያሳስበኝ ግን ፓምፑ ከሠራ በኋላ የሚመጣው ነው። ቤንዚን ውድ ስለነበር ሰው ማሳው ሲረካ ያጠፋ ነበር። ፀሐይ ሂሳብ አትጠይቅም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ይቀዳል፣ ማሳ ይሰፋል፣ የላይኛው ሲጨምር የታችኛው ይደርቃል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሰው ዊሊያም ጄቨንስ እ.ኤ.አ. በ1865 በድንጋይ ከሰል ላይ ያስተዋለው ይህንኑ ነው፦ ሞተሩ ቆጣቢ ሲሆን አገሪቱ የምታነድደው ከሰል ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ስለዚህ ሶላር ከመግባቱ በፊት የውሃ አባት ይመረጥ፤ ተራው በሰዓት ይለካ፤ ከወንዙ ላይ አንድ ድንጋይ ምልክት ተደርጎ ውሃው ከዚያ ሲወርድ ሁሉም ፓምፕ ይቁም። ይህ ስምምነት ከፓኔሉ እኩል የመስኖው አካል ነው። ካልተደረገ ሁለት ሦስት በጋ አትርፋችሁ በአራተኛው ወንዙን ታጣላችሁ።

ጥያቄ (ከዚያው ከፎገራ)፦ ዩሪያ ባይመጣስ?

መልስ፦ ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ ዋጋው ከኃይል ዋጋ ጋር ይወጣል ይወርዳል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ጥሩ ኮምፖስት ከመቶ አንድ ያህል ቢይዝ ለአንድ ኩንታል ምትክ ከ4 ቶን በላይ ደረቅ ኮምፖስት ያስፈልጋል፤ ያውም ሁሉም በአንድ ዓመት አይለቀቅም። «ኮምፖስት ተጠቀም» ብሎ ይህን ቁጥር የማይነግር ሰው ገበሬውን ይጎዳዋል።

ስለዚህ ናይትሮጅኑ እዚያው ማሳ ላይ ይሠራ። ከሩዝ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ መዝራት በእናንተ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሥሩን አትንቀሉ፣ ከላይ አጭዳችሁ ሥሩን ለመሬት ተዉት። ጓያው ግን የቤተሰቡ ዋና ምግብ እንዳይሆን፤ ብቻውን ለወራት ሲበላ እግር ያሽመደምዳል። በጎጃም በኩል ግብጦ ለደከመ መሬት ወደር የለውም፤ ቆልቶ ለቀናት በሚወርድ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፉ መራራውን መርዝ ለማስወጣት ነው፣ አይዘለል። የሰው ሽንትም አለ፤ አንድ ሰው በዓመት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ናይትሮጅን ያወጣል። በተከደነ ጀሪካን አንድ ወር ቆይቶ፣ አንድ እጅ በአራት እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ከግንዱ አንድ ጫማ ርቆ ለጌሾ፣ ለቡና፣ ለበቆሎ ይፈስሳል። ቅጠሉ ለሚበላ ጎመን አይሁን።

ጥያቄ (ከጣና ዳር፣ አሣ አጥማጅ)፦ ነጭ አሣው ለምን ጠፋ? እምቦጩ ነው አይደል?

መልስ፦ እምቦጩ ሳይመጣ ነው መቀነስ የጀመረው። በደንገል ታንኳ ሲጠመድ ታንኳው በወራት ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ሩቅ አይሄድም፣ ብዙ አይጭንም። ድክመቱ ሐይቁን ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲገባ ያ ገደብ ተነሣ፤ በቦታው ሌላ ገደብ አልተተካም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉት ልኬቶች ሲነጻጸሩ የነጭ አሣው ብዛት በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል ቀንሶ ነበር።

ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ነጭ አሣ ለመራባት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ጉማራ፣ ርብና ሌሎቹ ወንዞች አፍ ይሰበሰባል። አሣው ሲያንስም እዚያ የሚጣል መረብ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። አጥማጁ ያየው የሞላ መረብ ነው፤ የሚያወጣው ግን የአሣውን የወደፊት ልጆች ነው። ቀረሶና አምባዛ በየዳርቻውና በየረግረጉ ስለሚራቡ የተሻለ ቻሉት። በነዚያ ወራት የወንዝ አፎቹን ነፃ መተው፣ በሲባጎ ያልተፈተለውን ነጠላ ክር መረብ መተው፣ ቀዳዳውንም ማስፋት፦ ሦስቱንም ማኅበራችሁ ያለ ማንም እርዳታ መጀመር ይችላል። ከሐይቁ ዳር ያለችውን ዘጌን አስቡ። በሬ ጠምዶ ማረስ እዚያ በልማድ የተከለከለ ስለነበር ነው ደኑ ከነቡናው ለዛሬ የደረሰው።

ጥያቄ (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)፦ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ልግዛ ወይስ ያለኝን ላቆይ?

መልስ፦ በቀን የምትነዳው ኪሎ ሜትር ተሞልቶ ከሚሄድበት ሁለት ሦስተኛ ካላለፈና ባትሪውን የሚፈታ መካኒክ ከተማው ውስጥ ካለ ግዛ። መካኒኩ ከሌለ ቆይ። ለራስ ጉዞ ግን ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ100 ዋት ያነሰ ጉልበት ይበቃታል፤ ሰንሰለቷንና ጎማዋን የሚጠግን ደግሞ በየመንገዱ አለ። ከተማዋ ብስክሌቷን ለባጃጅ መልቀቋ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ (ከሽንብጥ፣ ያው ተማሪ)፦ ታዲያ በቴክኖሎጂ ተስፋ የለዎትም ማለት ነው?

መልስ፦ አለኝ እንጂ። ምርጥ ምድጃም፣ ፓኔልም ቴክኖሎጂ ነው። ስለ እያንዳንዱ መሣሪያ ሦስት ነገር ጠይቅ። ሲበላሽ እዚህ ይጠገናል? ሲደክም ቀስ እያለ ነው ወይስ በአንድ ቀን ይቆማል? ያነሣው ገደብ ምን ነበር፣ በምትኩስ ምን ገደብ ተቀመጠ? ፓኔል ሃያ አምስት ዓመት ቀስ እያለ ይደክማል። ኢንቨርተር ግን አንድ ቀን ድንገት ይቆማል፤ ሰሌዳውም ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መብራቱን በቀጥታ በ12 ቮልት የዘረጋ ቤት ኢንቨርተሩ ሲቃጠል ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም።

ጥያቄ (ከሹም አቦ)፦ የሶላር ባትሪዬ በአንድ ዓመት ሞተ። 100 አምፔር ሰዓት ነው፣ የመኪና ባትሪ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የመኪና ባትሪ ለሞተር ማስነሻ በአጭር ጊዜ ብዙ እንዲሰጥ በስስ ሰሌዳ የተሠራ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲመጠጥ ሰሌዳው ይረግፋል። ለሶላር የተሠራ ባለ እርሳስ ባትሪም ቢሆን ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም። 100 አምፔር ሰዓት በ12 ቮልት 1,200 ዋት ሰዓት ነው፤ የእርስዎ ድርሻ 600 ብቻ ነው። ጭነት ሳይኖርበት 12.2 ቮልት ካነበበ ግማሽ ደርሷል ማለት ነው፣ ያቁሙ። ለዚህ ባትሪ ከ150 እስከ 200 ዋት ፓኔል ያስፈልጋል፤ ባለ 50 ዋት ከሆነ በጭራሽ ስለማይሞላ ሰሌዳው ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገራል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ፓኔሉን ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ አዘንብለው ይስቀሉት፤ ዝናቡም ያጥበዋል። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይዋ ስለምትቀንስ ቴሌቪዥኑን ቀንሰው መብራቱን ብቻ ያብሩ። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ በወር አንዴ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ብቻ ይጨምሩ፤ የቧንቧም የሐይቅም ውሃ አይሆንም፣ አሲድም አይጨመርም።

የሞተውን ባትሪ አሲዱን ሳይደፉ ከነሙሉነቱ ለባትሪ ሰብሳቢ ይሽጡት። ገዢው «ለክብደት ቀንሰው» ብሎ ቦይ ውስጥ እንዲያፈስሱት ከጠየቀ አይሽጡለት፤ የሹም አቦ ቦይ የሚወርደው ወደ ሐይቁ ነው፣ እርሳሱም አብሮ ይወርዳል።